ፎቅ ላይ ድንጋይ መጥረብ፣ ጎረቤት ሳይቀሰቅሱ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ድንጋይ መቅረጽ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል፤ አሁን ከነጭ እብነ በረድ የሰው ራስ እያወጣሁ ነው። የምሠራው በረንዳ ላይ፣ በመዶሻና በመሮ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤቴ ጨቅላ ልጅ አላቸው። ሁለት ጊዜ መጥተው በትሕትና ነግረውኛል፤ ሦስተኛውን ፈራሁ። ከጠረጴዛው እግር ሥር ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ልተወው ወይስ ቶሎ የሚያስጨርሰኝ የኤሌክትሪክ ማሽን ልግዛ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መተውም ማሽን መግዛትም አያስፈልግዎትም። መለወጥ ያለበት የሚሠሩበት ቦታ፣ ድንጋዩ የሚያርፍበት ነገርና ድንጋዩን የሚቀንሱበት መንገድ ነው። ማሽኑን በመጨረሻ እናነሳዋለን።

ምንጣፉና ካርቶኑ ያልሠሩት ለምን እንደሆነ ካልገባዎት ቀጥሎ የሚገዙትም ነገር አይሠራም። ከእርስዎ ቤት የሚወጣው ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአየር የሚሄደው የመዶሻው ጩኸት ነው፤ በርና መስኮት መዝጋት ብቻውን ብዙ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ንዝረት ነው። ምቱ ከድንጋዩ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እግር ወደ ወለሉ ኮንክሪት፣ ከዚያም ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያ ይሻገራል። ጎረቤትዎን የሚያስቸግራቸው ይሄኛው ነው፤ የእሳቸው ጣሪያ በእርስዎ መዶሻ የሚመታ ከበሮ ሆኗል። የእንቁላል ካርቶን የክፍሉን ማስተጋባት ትንሽ ቢያለዝብ እንጂ ድምፅ እንዳያልፍ አያግድም፤ ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው፣ ካርቶን ደግሞ ክብደት የለውም። በዚያ ላይ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ ዛሬውኑ ያንሱት። ምንጣፉ ደግሞ ያን ሁሉ ክብደት በአራት ቀጫጭን እግሮች ሲጫኑበት ተጨፍልቆ ያልቃል። የተጨፈለቀ ነገር ደግሞ ንዝረት አያስቀርም።

ይህን ራስዎ መፈተን ይችላሉ። አንድ ሰው እንደ ወትሮው ድንጋዩን እየመታ እርስዎ ከጠረጴዛው እግር ግማሽ ሜትር ያህል ርቀው መዳፍዎን ወለሉ ላይ ያሳርፉ። ምቱ መዳፍዎ ላይ ከተሰማዎት ታች ቤትም ተሰምቷል። ከዚህ በታች የምንነግርዎትን እያንዳንዱን ለውጥ ባደረጉ ቁጥር ይህንኑ ይድገሙ። የስልክ ድምፅ መለኪያ በአየር ያለውን ብቻ ስለሚነግርዎት ለዚህ ጉዳይ አይረባም።

መጀመሪያ ከበረንዳው ይውጡ። የአብዛኛው ሕንፃ በረንዳ ከውስጡ ወለል ጋር አንድ ላይ የተሞላ፣ አንድ ጎኑ ግን አየር ላይ የተንጠለጠለ ኮንክሪት ስለሆነ ንዝረቱን ወደ ሕንፃው ይመልሰዋል። ፍንጣሪው መንገደኛ ላይ፣ አቧራው የሰው ልብስ ማስጫ ላይ ይወርዳል። ቤት ውስጥ አንድ ጥግ ይምረጡ፤ ምሰሶ ወይም ጠንካራ ግድግዳ አጠገብ ወለሉ ብዙም አይርገበገብም። ጠረጴዛው ግን ግድግዳውን መንካት የለበትም፤ አራት ጣት ያህል ይራቅ። አንድ ቦታ ላይ ከነካ ከሥሩ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ንዝረቱ በዚያች አንዲት ቦታ ይሻገራል።

አሁን ጠረጴዛው። ደንቡ ከላይ ከባድ፣ ከታች ለስላሳ ነው። ወፍራምና የማይወላወል የእንጨት ጠረጴዛ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ንጣፍ ያስቀምጡ፤ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። የመዶሻዎን ምት መጀመሪያ የሚውጠው ይህ ክብደት ነው። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ደግሞ ጎማ ይግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰፊና ጠንካራ ጎማ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ጎማው ንቅንቅ አይልም፣ ካልተጨመቀ ደግሞ ንዝረቱን እንዳለ ያሳልፋል። ጎማው ሲጫኑት ከውፍረቱ ከ5 እስከ 15 በመቶ መጨመቅ አለበት። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ጎማ በ4 በ4 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ይጀምሩ። ንጣፉን፣ ቀጥለን የምንነግርዎትን የአሸዋ ከረጢትና ድንጋዩን ሁሉ ከጫኑ በኋላ በማስመሪያ ይለኩት። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ ተስማምቷል። ምንም ካልወረደ ቁራጩን ያሳንሱ፤ ግማሹ ከተጨፈለቀ ያስፉት። ስፖንጅ አይጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ቀን ደህና ይሆንና በሳምንቱ ሳሳ ብሎ ይቀራል።

ከንጣፉ በላይ የአሸዋ ከረጢት ይቀመጣል። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከወፍራም ሸራ ወይም ከቆዳ የተሰፋ ከረጢት፣ በተነፋና በደንብ በደረቀ አሸዋ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሞላል። 15 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ከሞሉት ድንጋዩ ላዩ ላይ ይንከባለላል፤ ጎደል ሲል ግን ድንጋዩ ለራሱ ጎድጓዳ አበጅቶ ይቀመጣል፣ በፈለጉት አቅጣጫም ያዞሩታል። ደቃቁ አሸዋ በስፌቱ ስለሚያመልጥ ሁለት ከረጢት አንዱን ባንዱ ውስጥ ያድርጉ። ከረጢቱ ድምፅ ከመቀነሱ ሌላ ድንጋዩንም ያድነዋል፤ ጠንካራ ነገር ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ከላይ ሲመታ ከታች በኩል፣ በሚነካባት ነጥብ ይሰነጠቃል።

ጠረጴዛ ማስገቢያ ቦታ ከሌለዎት አንድ ያረጀ የመኪና ጎማ ወለሉ ላይ ያጋድሙ፤ ላዩ ላይ ወፍራም ጣውላ፣ ከዚያ የአሸዋ ከረጢቱን ያድርጉና ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሥሩ። ንዝረትን በማስቀረት ይህኛው ከጠረጴዛው ባይበልጥ አያንስም። ሲሞርዱ ግን ይወዛወዛል፤ ድንጋዩን በጉልበት መደገፍ ይጠይቃል።

ክብደቱ ያሳስብዎት ይሆናል። 25 በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ እብነ በረድ 10 ሊትር ነው፤ በሊትር 2.7 ኪሎ ሲሰላ 27 ኪሎ ይመጣል። ጠረጴዛው፣ ንጣፉና ከረጢቱ ተደምረው ጠቅላላው ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። የመኖሪያ ቤት ወለል በብዙ አገሮች ደንብ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ እንዲሸከም ታስቦ ስለሚሠራ ጤነኛ የኮንክሪት ወለል ይህን አይፈራም። ያልተጀመሩ ድንጋዮችን ግን አንድ ጥግ ላይ አይከምሩ።

ይህ ሁሉ ምቱን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው መምታቱ ራሱ ሲቀንስ ነው። ሥራው ቢቆይ አይክፋዎት፤ በመዶሻ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር በመጋዝና በሞረድ ሁለት ቀን ይወስዳል፣ ግን ማንም አይሰማዎትም።

በያዙት ራስ ላይ እንዲህ ያድርጉ። አስቀድመው ከሸክላ ወይም ከፕላስቲሊን ትንሽ ናሙና ይሥሩ። የት ብዙ እንደሚነሳ፣ የት ትንሽ እንደሚነሳ ካላወቁ በመጋዝ መሥራት አይቻልም። አገጭ ሥር፣ ከአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ከአንገት ኋላ ያለውን የሚወገድ ድንጋይ በከሰል ወይም በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ በብረት መጋዝ ማቀፊያ ላይ ተንግስተን ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ቁስ የተለበጠ ምላጭ ያስገቡና 1.5 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ ጎን ለጎን ይቁረጡ፤ ጥልቀቱ ከመጨረሻው ገጽ 5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ያቁሙ። በየሰንጠቁ መካከል የሚቀሩት ቀጫጭን ግድግዳዎች ናቸው። ጠፍጣፋ መሮ ሰንጠቁ ውስጥ አግብተው በእጅ ሲጠመዝዙት ግድግዳው ከሥሩ ቀጭ ብሎ ይወጣል፤ እምቢ ካለ አንዲት ቀላል ምት ትበቃዋለች። መጋዝ በማይገባበት፣ ለምሳሌ ከጆሮ ኋላ፣ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ጎን ለጎን ቀዳዳ በስተው በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ይስበሩ። ምላጩ እንዳይግልና አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉበት።

ይህም ቢሆን እብነ በረድን ከጥሬው በእጅ መጋዝ ማውጣት ትዕግሥት ያሟጥጣል። ለሚቀጥለው ሥራዎ ድንጋዩን ከሚገዙበት ቦታ በመቁረጫቸው ሻካራ ቅርጹን አስይዘው ይዘው ይግቡ፤ አራቱን ማዕዘንና የአንገቱን ዙሪያ ማስቆረጥ ብቻውን የቤቱን ድብደባ በእጅጉ ይቀንስልዎታል።

መዶሻ የግድ ሲሆን ደግሞ ከ400 እስከ 500 ግራም የሚመዝን የእንጨት መዶሻ ይያዙ። ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ቀጭን ጩኸት በእንጨት የለም። ታዲያ የመሮው ጭንቅላት ሰፋ ያለ ይሁን፤ ቀጭን የብረት ጭንቅላት እንጨቱን ይበላዋል። መሮው የተሳለ ከሆነ አንድ ምት የሚያነሳውን የደነዘ መሮ በሦስት አያነሳውም፤ ስለዚህ ሞቅ ብሎዎት ሲቀጠቅጡ ከመቆየት ቆም ብሎ መሳል ይሻላል። መሮውን ወደ ገጹ በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድመው ይያዙ። ቀጥ አድርገው ወደ ውስጥ ከመቱት ድምፁም ይበረታል፣ እብነ በረዱም ከገጹ በታች ይቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ አይታይም፣ ሲለሰልስ ግን ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሹሉን መሮ የመጨረሻው ገጽ 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ያስቀምጡት፤ ከዚያ ወዲያ ባለ ጥርሱ መሮ፣ ቀጥሎ ሞረድ።

ስለ ሞረድ አንድ ነገር እንበል። የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመልሱ ከድንጋዩ ላይ ያንሱት፣ ካልሆነ ጥርሱ በከንቱ ይደነዝዛል። የእንጨት ሻካራ ሞረድ ለለስላሳ ድንጋይ ይበቃል፤ እብነ በረድ ላይ ግን ካርባይድ ወይም የአልማዝ ሞረድ ያስፈልጋል። ሲሞርዱ ጥርስ የሚያፋጭ ፉጨት ከሰሙ ድንጋዩ በደንብ አልተያዘም ማለት ነው። ከረጢቱ ውስጥ ጠልቆ እንዲቀመጥ ያድርጉት፣ ሞረዱን ጠመም አድርገው አጠር አጠር እያሉ ይግፉ፤ ይጠፋል።

ለሚቀጥለው የተለየ ድንጋይ መሞከርም ያስቡበት። ማዕድናት በጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካው የሞስ መለኪያ እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ 3 አካባቢ ናቸው። አልባስጥሮስ 2፣ የሳሙና ድንጋይ ደግሞ ወደ 1 ስለሚጠጋ በጥፍር ይፋቃል። ሁለቱም ያለ አንዲት የመዶሻ ምት፣ በመጋዝ፣ በሞረድና በቢላዋ ብቻ ተሠርተው ያልቃሉ፤ አፓርታማ ለሚኖር ሰው ከእነዚህ የተሻለ የለም ብለን እናምናለን። አልባስጥሮስ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲያምር ለጉድ ነው፤ ግን ጂፕሰም ስለሆነ ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፣ እንዳይግልም ይጠንቀቁ፤ ሙቀት ደመና አስመስሎ ያነጣዋል። የሳሙና ድንጋይ ሲገዙ ሳንባ ከሚጎዳው ባለ ክር ማዕድን፣ ከአስቤስቶስ፣ ነፃ መሆኑ የተመረመረ እንደሆነ ይጠይቁ። አንዳንዱ የሳሙና ድንጋይ ውስጥ የአስቤስቶስ ክሮች ስለሚገኙ ምንጩ የማይታወቀውን፣ ከሜዳ የለቀሙትንም ቤት ውስጥ አይሞርዱ። ግራናይት ለቤት አይሆንም። የአሸዋ ድንጋይም ምንም ለስላሳ ቢመስል አይሆንም፤ የሚበዛው ነገሩ ኳርትዝ ነው።

ኳርትዝ ካልን አቧራውን እናንሳ፤ ጎረቤትዎ ያልነገሩዎት እሱን ነው። የኳርትዝ ደቃቅ አቧራ ክሪስታል ሲሊካ ይባላል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይፈጥራል፣ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ መድኃኒት የለውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ካንሰር አምጪ ከሆኑት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ንጹሕ እብነ በረድ የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ ስለሆነ ሲሊካው ጥቂት ነው፤ እንደ ደም ሥር ያለ መስመር ያለበት ግን ሊኖረው ይችላል። ምንም ይሁን ምን የድንጋይ አቧራ የሚተነፈስ ነገር አይደለም። አደገኛው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው፤ የሚታየው ሲወርድ ያኛው አየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በርጥበት ይሥሩ። የውሃ መርጫ ከእጅዎ አይራቅ፤ ገጹ ነጭ ሆኖ መድረቅ በጀመረ ቁጥር ይርጩ። የጨርቅና የሐኪም ቤት ማስክ ለዚህ አይሆንም፤ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው አቧራ የሚከላከል ማስክ ዝቅተኛው ነው፣ ኤፍኤፍፒ3 ይሻላል። አድርገውት በኃይል ሲተነፍሱ በአፍንጫዎ ግራና ቀኝ አየር ዓይንዎን ከነካው አልገጠመም። ጢም ካለዎት ፈጽሞ አይገጥምም። የዓይን መነጽርም ሳይረሳ። ሲጨርሱ በመጥረጊያ አይጥረጉ፣ በደረቅ ጨርቅም አይወልውሉ። እርጥብ ጨርቅ ይጠቀሙ። ተራው የቤት ቫክዩም ደቃቁን በኋላው መልሶ ይነፋዋል፤ ደቃቁን የሚያስቀር ሄፓ የሚባል ማጣሪያ ያለው ካልሆነ አያብሩት። የሠሩበትን ልብስ በረንዳ ላይ ማራገፍም ያው ነው፤ እዚያው አውልቀው ወደ ውሃ ይክተቱት።

ነጩን ጭቃ ውሃ ወደ ማጠቢያው አይድፉ። ቧንቧው መታጠፊያ ላይ ይረጋና ይደርቃል፤ የጋራ መስመር ሲዘጋ ደግሞ ከታች ካሉት ጋር ሌላ ጠብ ነው። ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ድንጋዩ ይዘቅጣል። ላይ የጠራውን መልሰው ይጠቀሙበት፣ ዝቃጩን በላስቲክ ቋጥረው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት።

ማለስለሱ ድምፅ አልባ ነው፤ ሌሊትም መሥራት ይችላሉ። ውሃ የማይጎዳው ብርጭቆ ወረቀት ይግዙ፦ 120፣ 220፣ 400፣ 600፣ ከፈለጉ እስከ 1200። ደረጃ አይዝለሉ፤ የ120ውን ጭረት 400 አያጠፋውም፣ ሰዓታት ያባክናሉ። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚያሹበትን አቅጣጫ ይለውጡ፤ የቀደመው ጭረት ማለቁን የሚያውቁት እንዲህ ነው። ወደ ቀጣዩ ከማለፍዎ በፊት ግን ድንጋዩን አድርቀው ወደ መስኮት ብርሃን ያስጠጉት። ውሃ ጭረትን ይሸፍናል፤ እርጥቡን ዓይተው ያለፉት ሁሉ ሲደርቅ ይወጣል።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፦ ሦስተኛ ጊዜ እስኪመጡ አይጠብቁ፣ እርስዎ ይውረዱ። ሕፃኑ የሚተኛበትን ሰዓት ይጠይቁና መሮና መዶሻ የሚጠቀሙበትን ጊዜ ከዚያ ውጭ፣ በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ያድርጉት፤ ሰዓቱንም ይንገሯቸው። ሰው መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቀውን ድምፅ ይታገሣል። አዲሱን ጠረጴዛ ባዘጋጁ ዕለት ፈቃዳቸው ከሆነ ሕፃኑ በሚተኛበት ክፍል ቆመው ላይ ያለው ሰው ሲመታ ያዳምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ሌሊት በመኝታ ክፍል ውስጥ ድንገት የሚሰማ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። በዚያ ልክ በጸጥታ የሚቀጠቀጥ እብነ በረድ አናውቅም፤ ከምሽት በኋላ ያለው ጊዜ የሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ብቻ ይሁን።

አሁን ማሽኑ። ግራይንደር (የሚሽከረከር መቁረጫ ዲስክ ያለው ማሽን) ድንጋይ ሲቆርጥ ወደ 100 ዴሲቤል ይጠጋል። የአሜሪካው የሙያ ደህንነትና ጤና ተቋም ባስቀመጠው ልክ ጆሮ ያለ መከላከያ ያን መሸከም የሚችለው በቀን 15 ደቂቃ ነው። የሚያስነሳው አቧራ ደግሞ ከአንዲት መስመር ቁርጥ ብቻ ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል። አይግዙት። በአየር ግፊት የሚሠራው መሮም የአየር መጭመቂያው ራሱ ከመዶሻዎ የባሰ ነው። ከኤሌክትሪክ መሣሪያ የምንፈቅድልዎት ፍጥነቱ የሚስተካከል ድሪል ነው፤ እሱም ለመብሳት ብቻ፣ በዝግታ፣ ውሃ ሊያገኘው ስለሚችል ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር ባለበት ሶኬት ላይ ተሰክቶ። ድሪሉ ላይ የመዶሻ ምልክት ያለበት ማዞሪያ ካለ ከዚያ ላይ ያንሱት፤ በዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ከበሳ ድንጋዩን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ታች ቤትም ይሰማል።